ሠሪው ራሱ ይጠግነው

ኑዝሃት የአማቷን የተሰበረ ጥርስ በቀኝ እጇ፣ ስልኳን በግራዋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ምሳ ላይ ባሽራን ቢቢ ሮቲ የሚባለውን ቂጣ ሲያላምጡ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ቀጭ ብሎ ከመሃል ለሁለት ተሰንጥቆባቸዋል። ሲሰነጠቅ ይህ አራተኛው ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያጣበቀችው ኑዝሃት ናት።

"ምነው ዝም አልሽ? አይጠገንም እንዴ?" አሉ አሮጊቷ፣ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሸፍነው። ጥርሳቸው ከሌለ በምራታቸው ፊት እንኳ አፋቸውን አይገልጡም።

"ይጠገናል፣ እማማ። ግን እስከ መቼ? ድድዎ ሟሟ፣ ልክዎ ተለወጠ። አዲስ ልሥራልዎ ስል እምቢ ይላሉ።"

"ልጄ የሠራውን ጥለሽ ሌላ ልትሰኪብኝ? ሠሪው ራሱ ይጠግነው። እስኪመጣ እንደምንም እቆያለሁ።"

ልጃቸው ኢሽፋቅ፣ የኑዝሃት ባል፣ "ለሁለት ዓመት ብቻ" ብሎ ከሙልታን ለሥራ ባሕር ተሻግሮ ወደ ማስካት ከሄደ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሦስቱን ዓመት ዓርብ ዓርብ ይደውል ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ፣ በመጨረሻም ጨርሶ ጠፋ። ከማስካት የተመለሰ አንድ የሰፈር ሰው ገበያ አይቼዋለሁ ብሎ ነግሯታል። "ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል" አላት። እናቱ እዚህ ከቀን ወደ ቀን እየከሱ እሱ መወፈሩ ኑዝሃትን ከመጥፋቱ በላይ አንገበገባት። ቢሆንም ናፈቃት። ምን ታድርግ፣ ናፈቃት።

ጥርስ መሥራቱን ያስተማራት እሱ ነው፣ በዚሁ መንገድ ዳር ባለች ክፍል ውስጥ። እሱ ሲሄድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሥራ የሚልኩላቸው የጥርስ ሐኪሞችም ሥራው እስካማረ ድረስ ማን እንደሠራው አልጠየቁም።

"የጥርስ ሠሪዎች አደባባይ" የሚባለው የኢንተርኔት ግሩፕ ውስጥ የገባችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከካራቺ እስከ ኩዌት በየጓዳው ተቀምጠው የማያዩትን ሰው ጥርስ የሚሠሩ አሥራ ስድስት ሺህ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ስለ ፕላስቲክ ይከራከራሉ፣ ሥራቸውን ያሳያሉ፣ የቀረውን ጊዜ ሐኪም ያማሉ። ሴት መሆኗ ከታወቀ ከመልስ ይልቅ የጋብቻ ጥያቄ እንደሚበዛባት ስለገባት "ጨረቃ ላብራቶሪ" በሚል ስም ነው የገባችው። ሁሉም "ወንድሜ" ይሏታል። የገባሁት ለመማር ነው ትላለች ለሚጠይቃት። እውነቱ ሌላ ነው። ኢሽፋቅ ሥራውን ለሰው ሳያሳይ መኖር እንደማይችል ታውቃለች፤ አራት ዓመት ሙሉ የማታውቃቸውን ሰዎች የጥርስ ፎቶ ስታገላብጥ የኖረችው እሱን ፍለጋ ነው።

ዛሬ አገኘችው።

"ሳሂል" የሚባል ሰው ሙሉ የላይ ጥርስ ለጥፏል። ከፊት በግራ በኩል ሁለተኛዋ ጥርስ ጥቂት ወደ ውስጥ ጠመም ብላለች። የፕላስቲኩ ድድ ላይ በጥርስ ብሩሽ የተነቀሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። በእጇ የያዘችው የአማቷ ጥርስም ልክ እንደዚሁ ነው። ከስር ቀልዱ ተጀምሯል።

"ወንድም፣ ይቺን ስትሰካ እንቅልፍ ይዞህ ነበር?"

"ደንበኛው ሲስቅ ወደ ግራ እንዳይዞር ንገረው።"

ሳሂል የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አፍ የወታደር ሰልፍ አይደለም።"

ይህን ንግግር ኑዝሃት አንድ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፣ ከዚህ ጠረጴዛ ማዶ። ተቀመጠች።

"ኢሽፋቅ" ብላ ጻፈች። አጠፋችው። ስሙን ከጠራችው ይሸሻል፤ ሁለቴ ቁጥር ቀይሮ የጠፋ ሰው ከግሩፕ መውጣት አያቅተውም። በመጨረሻ የተሰበረውን ጥርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፎቶ አንስታ ለጠፈችው። "ወንድሞች፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አዲስ አይሠራልኝም፣ የበፊቱ ሠሪ ይምጣ ይላሉ። ምን ላድርግ?"

መልስ ወዲያው ጎረፈ። ጣለው፣ የአሮጊት ወሬ አትስማ፣ ሐኪሙ የት ሄዶ ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመ፤ ባሽራን ቢቢ ወንበራቸው ላይ አንቀላፉ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከሳሂል በውስጥ መስመር መልእክት ገባ።

"ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ምን ትበላለች?"

"ዳቦ በሻይ አርሳ። ምስር ሲፈጭላት።"

"ድዷ ሟሟል። ደግመህ አታጣብቀው፤ ያቆስላታል።"

"ሠሪው ራሱ ይጠግነው ትላለች። ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች።"

እየጻፈ መሆኑን ስልኩ አሳየ። አቆመ። እንደገና ጀመረ። ኑዝሃት ጠበቀች። መጣሁ በል እባክህ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ የት ነበርክም አልልህም፣ አለች በልቧ።

"ሠሪው አይመጣም። አንቺ ሥሪላት። እጅሽ ከእጁ ይሻላል።"

ደግማ አነበበችው። አንቺ ይላል። እጅሽ ይላል። እስካሁን "ወንድሜ" ሲላት የነበረው ሰው የእናቱንም ጥርስ፣ የእሷንም ጥገና ለይቷል። "ኢሽፋቅ" ብላ ላከች፤ አልደረሰም። የሳሂል ገጽ ተዘግቷል።

አለቀሰች፤ አማቷ እንዳይነቁ ድምጿን ዋጥ አድርጋ። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ የልክ መውሰጃውን ዱቄት በውሃ በጠበጠች፣ አፍ ውስጥ የሚገባው የልክ ብረት ላይ ሞላችው።

"እማማ፣ ይነሱ። ወደ በሩ ዞር ይበሉ፣ ልክዎን ልወስድ ነው።"

"አልኩሽ እኮ፣ ሠሪው ራሱ..."

"ያዘዘኝ ሠሪው ነው። አሁን ጻፈልኝ። አንቺ ሥሪላት አለኝ።"

ሻርፑ ከአሮጊቷ አፍ ላይ ወደቀ። ባዶ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። "ኢሽፋቅ? ልጄ? ደህና ነው? መቼ..."

"ዱቄቱ ይደርቅብኛል፤ ይክፈቱልኝ" አለችና ብረቱን አስገባች።

እስኪደርቅ ሦስት ደቂቃ ነው። አሮጊቷ መናገር አይችሉም፤ ዓይናቸው ግን መቼ፣ መቼ እያለ ፊቷ ላይ ተተክሏል። ለዒድ ይመጣል የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አራት ዓመት ስልኩ ተበላሽቶ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ስትል ኖራለች፤ አንድ ተጨማሪ ውሸት ምንም አይከብዳትም ነበር።

"አይመጣም፣ እማማ" አለች። "እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።"

የባሽራን ቢቢ እጅ ተነስቶ የኑዝሃትን የእጅ አንጓ ጨመቀ። ብረቱን አውጥተው ሊጥሉት ነው ብላ ፈራች። አልጣሉትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንጓዋን አጥብቀው ያዙ።

"ገና ነው፤ አይነቃነቁ" አለች ኑዝሃት፤ ሁለቱም እስኪደርቅ ጠበቁ።