ስልኩ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ

ልብስ ሰፊዋ ልጇ ካረገዘች ጀምሮ ልቧ አላረፈም። ልጅቱ፣ ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ አገር ስለሚመላለስ፣ እስክትወልድ ብላ እናቷ ቤት መጥታለች። ባልና ሚስት የሚገናኙት በስልክ ነው። ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ጋደም ትልና ስልኩን ሆዷ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ "በል፣ አናግረው" ትለዋለች። እሱም ገና ላልተወለደው ልጅ ስለ መንገዱ ያወራል፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭጋጉ፣ መሃል መንገድ ተኝታ አላሳልፍ ስላለችው ላም።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ባየች ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋት ነበር። ሰፈሩ "ሬዲዮ" የሚላት ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ፣ ስልክ ጨረር እንዳለውና ጨረሩ ፅንስ እንደሚያቃጥል ነግራታለች።

"አንቺ ልጅ፣ ያን ነገር ከሆድሽ ላይ አንሺልኝ!"

"እማዬ ደግሞ! ሬዲዮ ያለችውን ሁሉ ብንሰማ እኮ መብራትም አናበራም።"

"ሳቂ፣ ሳቂ። ኋላ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ።"

ቃሉ እንዴት ከአፏ እንዳመለጣት አታውቅም። እናት ሲጨንቃት የማትለው የለም።

በስድስተኛው ወር ፅንሱ በልጅቱ ሆድ ውስጥ ሞተ። ለባሏ ከሆስፒታል ደውላ ያረዳችው ልብስ ሰፊዋ ናት። መኪናውን እዚያው አዞረ፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ቤት እንደገባች እናቷ ክር የምታኖርበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች፤ ስልኩን ክሮቹ መሃል ከተተችና ክዳኑን በመዳፏ ተጭና ዘጋችው።

"ልክ ነበርሽ እማዬ" አለች። "እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ጠዋት ሻርፗን ጣል አድርጋ ሆስፒታል ልጇን የረዳቻት አዋላጅ ዘንድ ሄደች።

"እህቴ፣ አትደብቂኝ። ስልኩ ነው?"

አዋላጇ ጓንቷን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። "አይደለም እናቴ። የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም። ስልክ ፅንስ ገደለ የሚል ማስረጃም የለንም። አንዳንዴ ችግሩ ከእንግዴ ልጁ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን እኛም ምክንያቱን አናገኘውም። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም።"

ልብስ ሰፊዋ ሩጫ ለመሆን ትንሽ በቀረው እርምጃ ቤቷ ደረሰች። የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ለልጇ ነገረቻት። ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ያኔ ሬዲዮን አመንሽ። ዛሬ አዋላጇን አመንሽ። እኔስ ማንን ልመን?"

"እኔን…" ብላ ጀመረችና ተወችው።

በሩ ተበረገደ። ሬዲዮ ናት፣ እርጥብ ፎጣ ትከሻዋ ላይ እንዳለ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው? ባልሽ እኔ ጋ ደወለ! ያንቺ አልጠራ አለው፤ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እያለቀሰ ነው። ስልክሽ የት ሄደ?"

ልብስ ሰፊዋ በአገጯ ቆርቆሮውን አሳየቻት። ሬዲዮ ቆርቆሮውን አየች፤ ልጅቱን አየች። ፎጣዋን ጨብጣ፣ ድምፅ እንዳታሰማ እየተጠነቀቀች ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን አነሳች። ስልኩ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ክር እየፈታች ሳለ ኔትወርክ አገኘና ጠራ። ከልጇ ጎን በጀርባዋ ተጋደመችና ስልኩን እሷን በተሸከመችበት በራሷ ሆድ ላይ አስቀመጠችው። ድምፁን ከፍ አደረገች።

"ሄሎ? አለሽ?"

ልጅቱ አልዞረችም።

"እየሰማችህ ነው ልጄ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አውራላት።"

ሰውዬው የለመደውን ጀመረ።

"አሁን… ድልድዩ ጋ ነኝ። ዝናብ ይዟል። ከፊቴ ያለው መንገድ አይታይም…"

የልጅቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ያን ስለ ልቅሶ ያመለጣትን ቃል እያስታወሰች፣ በአንድ እጇ ስልኩን ሆዷ ላይ እንደያዘች፣ በሌላው የልጇን ጀርባ ታሻሽ ጀመር።