ሦስቱንም የተሸነፍንበት ዓመት

ወንድሜን መጋዝ ያሉት ለብሔራዊ ቡድኑ ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት አጥቂ ስለማያሳልፍ ነው። ዛሬ እያነከሰ የብረታ ብረት መጋዘን በር ይጠብቃል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ብዙ አልተማርኩም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ፌዴሬሽኑ የስታዲየሙን ኮሪደር በቡድኑ ታሪክ ሊያስቀባው ነው ሲባል መጋዝ ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። ሰዓሊው የድሮ ፎቶ እያየ በየውድድሩ የተሰለፉትን ልጆች ግድግዳው ላይ ይሥላል አሉ። ለምርቃቱ ሱሪ ስፊልኝ አለኝ። ሰፋሁለት። ግድግዳውን ሊያይ ሄዶ ሲመለስ ግን ሱሪውን ሳይለካ ገብቶ ተኛ።

ለካ እሱ የተጫወተበት ውድድር የለም። መጀመሪያ ማጣሪያ ያለፍንበት አለ፤ ግማሽ ፍጻሜ የደረስንበት አለ፤ ዋንጫው የመጣበትማ ግድግዳውን ግማሽ ይዟል። የሱ ዓመት ተዘሏል። ያን ዓመት ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸንፈን ነው የተመለስነው። በመጨረሻው ጨዋታ አራት ለባዶ እየተመራን የወንድሜ ጉልበት ወለቀ። ተቀያሪ አልቋል። ውጣ ቢሉት፣ ቡድኑን አላጎድልም ብሎ እስከ መጨረሻው ፊሽካ እግሩን እየጎተተ ቆመ። ሁለት ጎል ተጨመረብን። ሐኪሙ በኋላ፣ ያኔውኑ ወጥቶ ቢሆን ይድን ነበር አለን።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ፣ እሱንም አስነስቼ ፌዴሬሽን ሄድን። የሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ እግር ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«እናትህ አይደለሁም። ያ ዓመት የት ገባ?»

ሳቅ አለ። ስፖንሰሮች ሽንፈት ማየት አይወዱም፣ ታሪክ ማለት የሚያኮራው ነው ብሎ አስረዳኝ። ጉልበቱን የሰጠ ሰው አያኮራም ወይ ብዬ ያዝኩት። የምለቀው መስሎት ሻይ አስመጣ፤ አልነካሁትም። ስብሰባ አለኝ አለ፤ እጠብቅሃለሁ አልኩት። መሄጃ ሳሳጣው ዘዴ አመጣ። ዋንጫውን ካመጡት ልጆች አንዱ፣ ቡድኑ ውጭ ለጨዋታ በሄደበት ጠፍቶ ቀርቷል። እሱ እንዳይሣል ታዟል፤ ቦታው ባዶ ነው። እዚያ መጋዝን እናስገባዋለን አለ።

ያን ዋንጫ ወንድሜ በሬዲዮ ነው የሰማው፤ እኔ ሱቅ፣ እግሩን ዱካ ላይ ሰቅሎ። አይሆንም ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ ተይው።»

«እዚያ አልነበርክማ።»

«የነበርኩበትን ማን አየልኝ? ሰፈር ውስጥ ስድስት ገባባቸው እያሉ ስድስቴ ነው የሚሉኝ። ልጄ እንኳ አባቴ ተጫዋች ነበር ብላ አታውቅም። አንድ ቀን ቀና ብዬ ልቁም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጨበጠው።

የምርቃቱ ቀን ሱሪው ልክክ ብሎለታል። ልጁ አጠገቡ ቆማለች፣ ፊቷ በርቷል። ጋዜጠኛው ማይክ ሲያስጠጋለት ስለ ፍጻሜው ጨዋታ አወራ፤ ሬዲዮው ያለውን አንድ ሳይቀር። ይቺን ጉልበቴን ለዋንጫው ነው የሰጠኋት ሲል ሰው አጨበጨበ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን አለበት። እህቴ ትመስክር አለ። ማይኩ ወደኔ ዞረ።

«ወንድሜ ጉልበቱን የሰጠው ሦስቱንም በተሸነፍንበት ዓመት ነው» አልኩ። «የሚያኮራኝም እሱ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። የሕዝብ ግንኙነቱ ማይኩን ነጥቆ፣ እናታችን ደስታው በዝቶባቸው ነው አለ። የመጋዝ ልጅ መሬት መሬት ታይ ነበር። እሱ ግን ትክ ብሎ ያየው እኔን ነው። በቴሌቪዥን የወጣው የሱ ብቻ ነው፤ የኔን ቆርጠውታል።

አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት ይሉኛል። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምለው። መጋዝ ቤቴ መምጣት ከተወ ቆየ። ሱሪውንም አጥቦ፣ አጣጥፎ በልጁ እጅ ላከልኝ። እረፍት በሆነ ቀን ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ለሚመጣው ሰው ያስረዳል አሉ። ስለዚያ ዓመት የጠየቀው ካለ፣ ያን ጊዜ አልተሳተፍንም ይለዋል።