አሥር ኪሎና አንድ ሱሪ

ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ ኖሯል። ሜትሩን አዙሮ ሊያነብ ሲል ደንበኛው ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ እሱም ሁልጊዜ ያችኑ ይላል፦ «ሆድዎን አይሳቡ። እኔን ቢሸውዱኝ ሱሪው አይሸወድም።» ደንበኛው ይስቃል፤ ሆዱንም ይለቃል።

የራሱን ወገብ ግን ከለካ ስንት ጊዜው! የታናሽ ወንድሙ ኩላሊቶች ሁለቱም ደክመው በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት መሄድ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሰፊው ሲመረመር ደሙም ሌላውም ተስማማ፤ አንዱን ኩላሊቱን መስጠት ይችላል። ሐኪሙ ግን ዘጠና ስምንት የሚለውን ቁጥር ወረቀቱ ላይ አክብቦ፣ «አሥር ኪሎ ቀንሰው ይመለሱ። ሦስት ወር አለዎት። በዚህ ውፍረት ቢላ አላሳርፍብዎትም» አለው።

«አሥር ኪሎ ላንተ ምን አላት ጋሼ» አለ ወንድሙ፣ ሲወጡ ክንዱን ይዞ። «አንተ አንዴ ካልክ አልክ ነው።»

ከሱቁ ፊት ለፊት ጂም አለ። አሠልጣኟ የተተረተረ ቱታዋን ልታሰፋ ስትመጣ ነገሩን ሰማች።

«ይምጡ አባቴ፣ ይሻገሩ። ቀላል ብረት አስነሳዎታለሁ። ሲከሱ ጡንቻዎ አብሮ እንዳይሄድ።»

«እኔ እንኳ ቤቴ ልዘል ነው ያሰብኩት። ስብ የሚያቀልጠው ዝላይ ነው ይላሉ።»

«እሱም ጥሩ ነው፤ አፍ ከተያዘ ሁለቱም ይሠራል። ዋናው አለማቋረጥ ነው። ቤት ውስጥ ግን ቢቀሩ የት ጠፉ የሚልዎት የለም።»

እሱ ደግሞ የወደደው ያንኑ ነበር። የጂሙ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። በሱቁ መስታወት ፊት ሁልጊዜ ደንበኛው ይቆማል፣ እሱ ከኋላ ነው። በዚህ ዕድሜው ከጎረምሶች መሀል ገብቶ ሆዱን ከአራት አቅጣጫ ሊያይ? ቤቱ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሱ ሌላ ሰው የለበትም። እዚያ የሚያየው የለም።

የመጀመሪያውን ሳምንት እውነትም ዘለለ። ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፎ፣ ስልኩ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ልጅ እየተከተለ፣ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ዘለለ። ሰፈሩ ያለው መድኃኒት ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሷል። በሁለተኛው ሳምንት መሀል ላይ አረፍ ማለት ጀመረ። በሦስተኛው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሻዩን በሦስት ስኳር እየጠጣ፣ እሷ ስትዘል ማየት ሆነ። እንደገና ሲመዘን የቀነሰው ተመልሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመድኃኒት ቤቱ በር ማለፉንም ተወ።

ወንድሙ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሳይታመም በፊት አሥራ አራት ዓመት በዚያው ሱቅ ልብስ ተኳሽ ነበር፤ አሁንም የሚቀመጠው ካውያው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። «እስቲ ቁም ልይህ» ይላል። እንደ ልጅ ነው የሚጓጓው።

አራተኛው ቅዳሜ ሲቃረብ ሰፊው የሱቁን መጋረጃ ጋረደና ሱሪውን አወለቀ። የኋላውን ስፌት ተረተረ፤ ከውስጥ የተረፈውን ጨርቅ ለቆ ወገቡን በሁለት ጣት አሰፋው። ለደንበኛ ቢሆን የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እሱ ግን በየመሀሉ በሩን እያየ አንድ ሰዓት ፈጀበት።

ቅዳሜ ዕለት ወገቡን በጣቱ ሳብ አድርጎ አሳየ። ጡጫ ያስገባል። ወንድሙ ሱሪውን ፊቱንም ኋላውንም ቆይቶ አየው።

«አበጀህ ጋሼ» አለ። «አሁንስ በቀበቶ ካልታሰርክ ልትራቆት ነው።»

ከዚያ ጀምሮ ጸሎቱ ተበላሸ። ጠዋት ተንበርክኮ «ወንድሜን ማርልኝ» እስከሚለው ድረስ ይደርስና ቀጥሎ ያለውን «እኔንም አበርታኝ» ሳይል ያማትባል። የሚያየኝ የለም ብሎ በመረጠው ቤት ውስጥ ተንበርክኮ፣ ማን ፊት እንዳለ ትዝ እያለው ያፍራል። ሱሪውን ግን እንደገና አሰፋው፤ የተረፈው ጨርቅ እስኪያልቅ።

ሦስት ወሩ ሞላ። ነርሷ ጫማውንና ቀበቶውን አስወለቀችው። ሱሪው እንዳይወርድ በአንድ እጁ ጨብጦ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«ዘጠና ዘጠኝ» አለች። ወረቀቱን አየች፤ እንደገና ሚዛኑን አየች። «ዘጠና ስምንት ነበሩ አይደል? ጨምረዋልኮ። በቃ፣ ለሌላ ሦስት ወር ላስተላልፍዎት።»

ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ሰፊው ሱሪውን እንደጨበጠ ከሚዛኑ ወረደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሱሪውን...» አለ ሰፊው።

«አውቃለሁ። ያን ቅዳሜ ነው ያወቅኩት» አለ ወንድሙ። «አንተ የሰፋኸውን ስተኩስ አልኖርኩም? የድሮው ስፌት መስመር ጨርቁ ላይ ይቀራል። ካውያ እንኳ አያጠፋውም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል ጋሼ? ኩላሊቱን የምለምነውን ሰውዬ ስለ ሱሪው ላፋጥጠው?» ወንድሙ የእጥበት መርፌ ያበላሸውን ክንዱን በሸሚዙ ሸፈነ። «ሐሳብህን የቀየርክ መሰለኝ። ፈርቶ ነው፣ ፊት ለፊት እንቢ ማለት አቅቶት ነው አልኩ። ቢፈራስ ይፈረድበታል ወይ ብዬ ተውኩት።»

ሰፊው አልፈራሁም ሊል አፉን ከፈተ። ስንፍና ብቻ ነው ሊል ነበር። ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳለፋቸው ጠዋቶች መጡበት፤ ስንፍናው ከምን እንደተሰፋ እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

«ፈርቼም ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «መስጠት ግን እፈልጋለሁ።»

ወንድሙ ጉልበቱን መታ መታ አደረገለት።

ሱቁ እንደተመለሰ ሱሪውን ተረተረና በድሮው መስመር ላይ መልሶ ሰፋው። መስመሩ እንደተባለው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ አልገጥም ያለውን ሱሪ ሸሚዙን አውርዶበት መንገዱን ተሻገረ። እጥበት የሌለበት ቀን ስለነበር ወንድሙም አብሮት ገባ። ጎረምሶቹ ብረታቸውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩ። መስታወቱም ከነሆዱ ተቀበለው።

ሰፊው አንገቱ ላይ የነበረውን ሜትር አውርዶ ለወንድሙ ሰጠው።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትለካኝ አንተ ነህ» አለው። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚሁ፣ ሰው ፊት። ቁጥሩን አሠልጣኟ እዚያ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች።»

አሠልጣኟ ጠመኔዋን አነሳች። ወንድሙ ሜትሩን ወገቡ ላይ አዙሮ ሁለቱን ጫፍ አገናኘ፤ ሊያነብ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ሆድህን አትሳብ።»

ሰፊው ፊቱ እየጋለ ሆዱን ለቀቀው።