ቆመው የተሳፈሩ ሽማግሌዎች

የጋሽ ተክለሃይማኖት ባርኔጣ ዙሪክ ከተማ፣ ሊማት ወንዝ ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ላገባው ያሰብኩት አምላኩ የላካቸውን ሽማግሌዎች አባቴ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ መልሷቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ ከዙሪክ እስከ ቤታችን፣ ጄኔቫ አጠገብ እስካለችው ቨርሷ፣ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘው መጥተው ነበር። መጀመሪያ «ዘመድ ላማክር» አለ፤ ቀጥሎ «ትምህርቷን ትጨርስ» አለ። ጨረስኩ። አሁን እኔና አምላኩ ዙሪክ አጠገብ፣ ኡስተር፣ የኪራይ ቤት አግኝተናል፤ ውሉን የምንፈርመው ሰኞ ጠዋት ነው። ያለ አባቴ ቃል መፈረም አልፈለግሁም። ስለምሳሳለት አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ስለሚያነሳብኝ ነው።

አምላኩ የጀልባ መካኒክ ነው። ቅዳሜ ዕለት ጠግኖ የጨረሳትን ሞተር ጀልባ ለሙከራ ሲያወጣ፣ አባቴን «ዙሪክን ላሳይህ» ብዬ ከጄኔቫ በባቡር አመጣሁት። ሐይቁ ላይ ደስ ብሎት ፎቶ ሲያነሳ ቆየ። ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ስንቆም የቀጠርኳቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ተሳፈሩ።

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «አስጎብኚዎቹ እነዚህ ናቸው?»

«አዎ።»

«በሉ ተቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ እንደሚለምን አውቃለሁ። የዚህ ወንዝ ድልድዮች ዝቅ ያሉ መሆናቸውንም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። በዚያ ላይ የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሞልቷል፤ ጀልባዋን ውሃው ራሱ ይስባታል።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ድልድይ መጣ» አለ አምላኩ ከመሪው ኋላ።

«ጎንበስ ማለት ይበቃል» አሉና ጎንበስ አሉ። እሳቸው አለፉ፤ ባርኔጣው አላለፈም።

በራሰ በራቸው ቀና ብለው ንግግራቸውን ቀጠሉ። የልጁን ጠባይ አወሩ፣ ከዚያ አያቶቹን መቁጠር ጀመሩ። አባቴ እግሩን አነባብሮ ያዳምጣል። እንዲህ ተመችቶት አይቼው አላውቅም።

«መልካም ነው» አለ። «እስቲ ልመካከር።»

«ከማን ጋር? ከድልድዩ ጋር?» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

ሁለተኛው ድልድይ ከመጀመሪያው ይበልጥ ዝቅ ያለ ነው። አምላኩ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን ቢያስጮኸውም ጀልባዋ መንሸራተቷን አልተወችም።

«አባዬ፣ ይሄኛው ጎንበስ ቢሉም አያሳልፋቸውም» አልኩት።

አባቴ ድልድዩን አየ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን አጣጥፈው፣ ጀርባቸውን ለድልድዩ ሰጥተው ቆመዋል።

«ይሄ ልጅ ጀልባ ማቆም አይችልም?» አለኝ።

«አሁን አይችልም።»

«እሱን ነው የምታገቢው?»

«እሱን ነው።»

«ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ። «ተቀመጡልኝ፣ በሰው ነፍስ አታስጠይቁኝ።»

ሦስቱም ባንዴ ቁጭ አሉ። የድልድዩ ሆድ በላያችን አለፈ፤ ለጥቂት ጊዜ ጨለመ። ብርሃን ስናይ አባቴ ይስቅ ነበር።

«ሐሳብዎን እንዳይቀይሩ» አሉት ጋሽ ተክለሃይማኖት ጉልበታቸውን እያሹ። «ስንመለስም በዚሁ ነው የምናልፈው።»

ከዚያ ሁላችንም አምላኩን መሪው ላይ ትተን ወደ ጀልባዋ ጠባብ ክፍል ገባን። ገና ሳንደላደል ሠርጉ ከፍልሰታ ጾም በፊት ይሁን ወይስ በኋላ የሚል ክርክር ተነሣ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን እንኳ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ብናደርገው» አለ።

የእኔ ጉዳይ ግን አልቋል። ወጣሁና በሩን ዘጋሁባቸው።