የሲስተር ተናኘወርቅ ምደባ

የሆስፒታላችን የነርሶች አለቃ፣ ማትሮን ሲስተር ተናኘወርቅ፣ ነርስ የሚመድቡት በውጤቱ ሳይሆን በአመሉ ነበር። ግልፍተኛውን ድንገተኛ ክፍል፣ ሆደ ሰፊውን ሕፃናት ክፍል፣ ለፍላፊዋን ማዋለጃ ክፍል፣ ዝምተኛውን ኦፕራሲዮን ክፍል። «እዚያ በሽተኛው ተኝቷል፤ ከማን ጋር ሊያወራ ነው?» ይላሉ። አዲስ ነርስ ሲመጣ ሳምንት ያህል ከአጠገቡ አይጠፉም። ሻይ ሲጠጣ፣ ሲሰደብ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ያዩታል። ከዚያ ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ የለም።

እኔን ድንገተኛ ክፍል የጣሉኝ በመጀመሪያው ቀን ከዘበኛው ጋር ስጨቃጨቅ ስላገኙኝ ነው። ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር። እንዲያው በተፈጥሮዬ ለስላሳ ሰው ነበርኩ ብል ዛሬ ማንም አያምነኝም፤ ድንገተኛ ክፍል ውሎ ያደረ ሰው ሳይወድ በግዱ ግልፍተኛ ይሆናል። ማትሮኗም በሄዱ በመጡ ቁጥር «ሰማንን አይቼ አልተሳሳትኩም» ይላሉ።

ሆስፒታሉ ቡታጅራ ውስጥ ነው፤ ስሙን ልተወው። የማወራው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ስለነበረው ዓመት ነው። ያኔ ውድነሽ የምትባል የቡኢ ልጅ ተመርቃ መጣች። ሳትመጣም በፊት የሲስተር ተናኘወርቅ ልጅ፣ መርካቶ መለዋወጫ የሚሸጠው ምንተስኖት፣ አጭቷት ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተጠይቆ፣ እሺ ተብሎ ያለቀ ነገር ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

እንግዲህ ምራት አማቷ ፊት እንዴት እንደምትሆን ላገሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዓይኗን ትሰብራለች። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሲጠይቋትም መልሷ ከጥርሷ አያልፍም። አማቷ ባሉበት ጮክ ብላ መሳቅማ የማይታሰብ ነው። ውድነሽ ደግሞ በወግ ያደገች ልጅ ናት። ሲስተር ተናኘወርቅ ሳምንቱን ሙሉ ከአጠገቧ አልጠፉም፤ ሳምንቱን ሙሉ ድምፅዋን አልሰሙም። «እንዲህ ያለ እርጋታ በሙያ ዘመኔ አላየሁም» አሉና ኦፕራሲዮን ክፍል መደቧት።

እኛ በሳቅ ሞትን። ምክንያቱም እሳቸው ዘወር ካሉ ውድነሽ እንደ ሬዲዮ ናት። የጽዳት ሠራተኞቹን ልጆች ስም፣ አስታማሚው ከየት እንደመጣ፣ የተኛው ሽማግሌ ስንት በሬ እንዳለው ሳይቀር ታውቃለች። እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ መድኃኒት ካደነዘዘው በሽተኛ ጋር የቆለፉባት።

«ሰማን ይሙት፣ ትናንት ትርፍ አንጀቱን ለምናወጣለት ሰውዬ የሠርጌን ነገር ሁሉ ነገርኩት» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል? አንኮራፋ።»

ምሳ ሰዓቷን ማዋለጃ ክፍል ነበር የምታሳልፈው። የሚያምጡትን ሴቶች ወገብ ታሻለች፣ ላባቸውን ትጠርጋለች፣ ታስቃቸዋለች። ከዚያ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነው። አዋላጅ መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ ነገር አትፈልግም።

ከዚያ ከወልቂጤ፣ ከዞኑ ጤና መምሪያ፣ ሁለት የትምህርት ዕድል መጣ። አንዱ ሰመመን ሰጪነት፣ ጂማ። ሌላው አዋላጅነት፣ አዋሳ። ተምሮ የተመለሰ ሰው በዚያው ሙያ ለዓመታት የማገልገል ግዴታ ስላለበት ነገሩ እንደ ጋብቻ ነው፤ ገብቶ መውጣት የለም። ሲስተር ተናኘወርቅ ውድነሽን ለሰመመን ሰጪነት አሰቡ። ለምራታቸው አዳልተው አይደለም፤ ከልባቸው አምነውበት ነው።

«እምቢ በያቸው እንጂ» አልኳት።

«አማቴን? ፊት ለፊት? ምን ነካህ ሰማን! እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ታዲያ ዕድሜሽን ሙሉ ከእንቅልፋም ጋር ልታወሪ ነው?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ለዚያች ልጅ አዘንኩ። ሽማግሌ ልሁን ብዬ ሲስተር ቢሮ ገባሁና «ሲስተር፣ ውድነሽ አዋላጅነት ነው የሚሆናት፤ ተጫዋች ልጅ ናት» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ሰው፣ ልታጫውተኝ ነው የመጣኸው? የገዛ ምራቴን እኔ ላስተዋውቅህ እንዴ?» አሉኝ። ሻይ ጋብዘው ሸኙኝ።

ለትምህርቱ የተመረጡት ሰዎች ስም ወልቂጤ የሚላክበት ቀን ሲደርስ፣ ከቆሼ በኩል ሀሊሜ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት በአይሱዙ ጭነው አመጡ። ከድንገተኛ ክፍል እኔው ራሴ በቃሬዛ እየገፋሁ ማዋለጃ ክፍል አደረስኳት። ልጅቷ በፍርሃት አልቃለች። ግፊ ሲሏት ትታቀባለች፤ «ወላሂ እሞታለሁ፣ እናቴ ጋ መልሱኝ» ትላለች። አዋላጇ ሌላ ወላድ ይዛለች። የምሳ ሰዓት ስለነበር ውድነሽ እዚያው ነበረች፤ እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀችና አጠገቧ ቆመች።

«ማን ነው እዚህ የሚሞተው? እኔ እያለሁ? ባልሽን አይተሽዋል? ውጪ ቆሞ ካንቺ በላይ እያማጠ ነው! ቶሎ ካልገላገልሽን አልጋውን ለሱ ነው የምንሰጠው!»

ሀሊሜ እያለቀሰች ሳቀች። አዋላጇ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ውድነሽ አማርኛውን ከስልጥኛ እየቀላቀለች ቀጠለች፤ ልጅቷም መግፋት ጀመረች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሳቅ ያልተለመደ ነገር ነውና ድምፁ ኮሪደሩን አልፎ ተሰማ መሰለኝ፣ በሩ ተከፈተና ሲስተር ተናኘወርቅ ገቡ።

ውድነሽ አየቻቸው። ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ወዲያው አንገቷን ደፋች።

ሀሊሜ ግን ዝምታውን ለሌላ ነገር ተረጎመችው። የውድነሽን እጅ ጨምድዳ ያዘችና «ምነው? ምነው ዝም አልሽ? ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ መግፋቷንም ተወች።

ውድነሽ ወደ አማቷ አየች። ወደ ሀሊሜ አየች። ከዚያ ከቅድሙ በበለጠ ድምፅ «የምን ሞት! ራሱ እየታየኝ ነው፤ ፀጉሩ እንዴት ያምራል! በይ ግፊ፣ የኔ ጀግና!» አለች። ልጅቷ እስክትገላገል ድረስም አንዲት ጊዜ ዝም አላለችም። ሲስተር ተናኘወርቅ በሩን ተደግፈው ሴት ልጅ ስትወለድ አዩ።

ኮሪደር ላይ ጠሯት። እኔ ቃሬዛዬን እያጸዳሁ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

«ይህ ሁሉ አፍ የት ነበር?»

ውድነሽ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

«ልጄ ቤትስ እንዲህ ልትሆኚ ነው?»

አንድ «አይ» ብትል ሠርጓ ይተርፍ ነበር። ውስጤ «አይ በይ» ይላታል።

«አዎ ሲስተር» አለች። «እኔ እንዲህ ነኝ።»

ሲስተር ተናኘወርቅ ቢሮ ገብተው ያንኑ ቀን የውድነሽን ስም ለአዋላጅነት ላኩ። በዚህ አከብራቸዋለሁ፤ እንደ ማትሮን ስህተታቸውን ለማረም አላመነቱም። እንደ አማት ግን ሌላ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ቡኢ ሽማግሌ ሄደና «ልጃችን ለጊዜው ትዳር አልቆረጠም» ተባለ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ። ምንተስኖትም «እናቴ ያለችው ይሁን» አለ፤ ወንድ ነኝ ብሎ ይኖራል። ውድነሽ ብዙ አለቀሰች። ትወደው ነበር።

የአዋሳው መንገዷ ቀን መናኸሪያ ልሸኛት ስሄድ ሲስተር ተናኘወርቅ ዳቦ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ውድነሽ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ሳመቻቸው፤ አሁን እኮ አማቷ አይደሉም። ከዚያ ወሬዋን ጀመረች። ስለ ረዳቱ፣ ስለ ወንበሯ፣ ከጎኗ ዶሮ ታቅፈው ስለተቀመጡት አዛውንት። ሲስተር መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀጥሎ የአውቶቡሱን በር ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። አውቶቡሱ ሲነሳም በመስኮት እያወራች ነበር።

ሲስተር ተናኘወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ቤቴ እኮ ጭር ያለ ነው፣ ሰማን» አሉኝ። «ልጄ እንዲህ ያለችውን ባመጣልኝ እያልኩ ነበር የምጸልየው።»