ስሙ ያልተጠራው አማካይ

ወንድሜ ኢነስ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ደም ይመስላል። አባታችን ዱጋል ግን ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጆሮ አያይም። ስለዚህ ኢነስ ኩሽና ውስጥ ቆሞ «አባዬ፣ ለከተማችን ቡድን ፈረምኩ» ሲለው ሽማግሌው አመነ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የፈረመው ነገር የለም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የጉልበቱ ጅማት ሁለቴ ተበጥሷል፣ የመጨረሻው ቡድኑም አሰናብቶታል። ግላስጎውም አበርዲንም አማካይ ሆኖ ተጫውቷል፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለደገፈው ለወደብ ከተማችን ቡድን ግን አንድም ቀን አልተሰለፈም። አሰልጣኙ ያለው ይህችን ብቻ ነው፦ «ቅዳሜ በሙከራ ግባ፤ ከጣምከን እናስፈርምሃለን።»

በእኛ አገር በታችኛው ዲቪዚዮን የሙከራ ተጫዋች መሰለፍ ይችላል፣ ስሙ ግን አይጠራም። ሌላ ቡድን እንዳይነጥቀው ነው ይላሉ። ኢነስን ማን ሊነጥቅ!

«ለአባዬ እውነቱን ንገረው» አልኩት።

«ሞራግ፣ ካስፈረሙኝ እኮ ውሸትነቱ ይቀራል» አለኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይሄኛው እስከ ቅዳሜ እየከበደኝ ሄደ።

ቅዳሜ ከባሕሩ አጥንት የሚሰረስር ነፋስ መጣ። አባቴ ስታዲየሙ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓዩን መብላቱን ትቶ፣ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀሰረ። ስሞች ተጠሩ። «ቁጥር ስምንት፣ የሙከራ ተጫዋች» ተባለ። የተቀያሪዎቹን ስም ነፋሱ በላው።

«ኢነስ ተቀያሪ ነው ማለት ነው» አለ አባቴ።

ጨዋታው ተጀመረ። ወንድሜ የሚደርሰው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው፤ ሲደርስባትም ለተጋጣሚ ያቀብላታል። ከኋላችን የተቀመጡት ጀመሩት።

«ይሄ ሰውዬ የመጣው ለሙከራ ነው ለጡረታ?»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ በጨረታ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ድምፁ ወደቡን ያቋርጣል። ብድግ አለ።

«ኧረ ይሄን ሙከራ አውጡልን! ልጄን አስገቡት!»

ኢነስ ዞረ። ያንን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ፣ እሱማ አድጎበታል። እኛን እያየ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ። ኳሷ በአጠገቡ አለፈች፣ ከዚያችው ኳስ ጎል ገባብን። የአባቴን እጅጌ ይዤ ጎተትኩት።

«ምን አጠፋሁ? ከፍዬ ነው የገባሁት» አለኝ።

ከእረፍት መልስ «የሙከራ ተጫዋቹ ይወጣል» ተባለ። አባቴ አጨበጨበ። የሚገባውን ስም ለመስማት አንገቱን አሰገገ፤ የሌላ ሰው ልጅ ነበር።

አሰልጣኙ በሩ ላይ የኢነስን እጅ ጨብጦ «አይሆንም» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ምን ይበል። መኪናውን እኔ ያዝኩ፤ ኢነስ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ከኋላ ተቀመጠ።

«አላስገቡህም» አለ አባቴ።

«አላስገቡኝም።»

በመስተዋቱ አየሁት፤ ጆሮው ፍም መስሏል።

«ያንን ግንድ አሰልፈው አንተን ያስቀምጣሉ። በአንድ እግርህ ትበልጠው የለ?»

ኢነስ ጉልበቱ ላይ ያለውን በረዶ አስተካከለ። «ሰውየው አርጅቷል አባዬ» አለ። «በቃው።»

እንደገና አየሁት። ጆሮው አልቀላም።