የአበልጁ ኮራሎች

አኒባል አበልጁ ዊልበርቶ ኮራል የሚባሉትን ሕያዋን የባሕር ፍጥረታት የሚያረባበትን የመስታወት ገንዳ ባየ ቁጥር ቅናት አንጀቱን ይበላዋል። የራሱን ገንዳ አረንጓዴ የውሃ አረም፣ አልጌ፣ እንደ ጸጉር ወርሶታል፤ በጥርስ ብሩሽ ቢፈትገው በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። የዊልበርቶ ኮራሎች ግን ገርጣ ቢሉም፣ አንዲት ክር አልጌ የለባቸውም።

«አልጌ ፎስፌት ሲያገኝ ነው የሚፋፋው፤ እኔ ዜሮ አድርጌዋለሁ» ይላል ዊልበርቶ ደረቱን ነፍቶ። «አንተ እኮ ያለህ የጎመን ማሳ ነው!»

አንድ ቀን የአኒባል ሚስት ሳትቀር ከት ብላ ሳቀች። ይኼ አልዋጥ አለው።

ከዚያ ወዲህ ዊልበርቶ ቤት ከሚካሄደው የእሁድ የዶሚኖ ጨዋታ አንድም አላመለጠውም። ሲመጣ፣ ሽሪምፕ ከሚባለው የባሕር ምግብ በረዶው ሲቀልጥ የወጣ፣ ፎስፌት የሞላበት ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ኪሱ ይከታል። ዊልበርቶ ቢራ ሊያመጣ ጓዳ ሲገባ ገንዳው ውስጥ ጠብ ያደርግለታል። «ቆይ፣ ጎመኑን አብረን እንቀነጥሳለን!» ይላል በልቡ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ ገና በሩን ሲያንኳኳ ዊልበርቶ ተጠመጠመበት።

«አበልጄ፣ ና እይ!»

ኮራሎቹ ሐምራዊና ብርቱካናማ ሆነው ፈክተዋል። አልጌ የሚባል የለም።

«ለካ በረሃብ ልፈጃቸው ነበር! እነሱም ትንሽ ፎስፌት ይፈልጋሉ። ከየት እንደመጣላቸው እንጃ፣ አንተ በየእሁዱ መምጣት ከጀመርክ ወዲህ ነፍስ ዘሩ። ገደኛ ነህ!»

መቼም የፖንሴ ከተማ ኮራል አርቢ ሲደሰት ከኮራሉ ለዘር ቆርሶ ይሰጣል። ዊልበርቶም ከሐምራዊው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቀጭ አድርጎ ሰበረለት።

«በል፣ እጅህን ዘርጋ።»

አኒባል ሽሪምፕ ሽሪምፕ የሚሸት እጁን ዘረጋ።